በዋሽንግተን ዲሲ የመኖሪያ ቤት ኪራይን በጽሑፍ ማስታወቂያ በአግባቡ ማቋረጥ፦ ለተከራዮች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በዋሽንግተን ዲሲና በአጎራባቾቹ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች የሚኖር ተከራይ ቤት በሚለቅበት ጊዜ የአንድ ወር ኪራይ ወይም ያስያዘውን ዲፖዚት (የዋስትና ገንዘብ) በከንቱ የሚያጣባቸው ሦስት የታወቁ ምክንያቶች አሉ፤ የመልቀቂያ ደብዳቤው ሳይጻፍ ይቀራል፣ ወይም ዘግይቶ ይጻፋል፣ ወይም ለአከራዩ መድረሱን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠፋል። ሦስቱንም ማስቀረት የሚቻለው በአንድ ገጽ ወረቀትና በጥቂት ቀናት ጥንቃቄ ነው። ብዙ ወገኖቻችን ግን አገር ቤት እንደለመዱት ለአከራዩ በቃል ነግረው፣ ዕቃቸውን ጭነው፣ ቁልፉን ለጎረቤት ትተው ይሄዳሉ፤ ከወራት በኋላም ያላሰቡት ዕዳ በክሬዲት ታሪካቸው ላይ ተመዝግቦ ያገኙታል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ያ እንዳይደርስ ነው። ዋናው ትኩረቱ የዲሲ ሕግ ሲሆን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በሚለዩበት ቦታ ልዩነቱ ተጠቅሷል። የቀረበው አጠቃላይ ማብራሪያ ስለሆነ፣ ክርክር የተነሳበት ጉዳይ ያለው ሰው የራሱን ውል ይዞ የሕግ ባለሙያ ማማከር ይኖርበታል።

አንደኛ፦ ውልዎ አሁን በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ይለዩ

ደብዳቤ ከመጻፍዎ በፊት የፈረሙትን ሊዝ (የኪራይ ውል) አውጥተው ያንብቡ። ከጠፋብዎ ቅጂ እንዲሰጥዎ አከራዩን ወይም የሕንጻውን አስተዳደር ቢሮ ይጠይቁ። ከውሉ ውስጥ ፈልገው ማግኘት ያለብዎት አራት ነገሮችን ነው፤ ውሉ የሚያበቃበትን ቀን፣ ተከራዩ ከስንት ቀን በፊት ማሳወቅ እንዳለበት የሚደነግገውን አንቀጽ፣ ማስታወቂያ በምን መንገድና በየትኛው አድራሻ እንደሚላክ የሚናገረውን አንቀጽ፣ እንዲሁም ከጊዜው በፊት ስለ መልቀቅ የተጻፈ ነገር ካለ እሱን። አራቱ በአንድ ገጽ ላይ ተሰብስበው የሚገኙት አልፎ አልፎ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ወይም በተያያዘ አባሪ ውስጥም ሊሆኑ ስለሚችሉ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ይግለጡት።

ከዚያ በኋላ የእርስዎ ጉዳይ ከሦስቱ በአንዱ ውስጥ ይወድቃል። የመጀመሪያው፣ የአንድ ዓመት ወይም ሌላ የተወሰነ ጊዜ ውል ገና እየሄደ ያለበት ሁኔታ ነው። ሁለተኛው፣ የተወሰነው ጊዜ አልቆ ኪራዩ ከወር ወደ ወር የሚቀጥልበት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከመጀመሪያውም የተጻፈ ውል ሳይኖር፣ ምድር ቤት ወይም አንድ ክፍል በቃል ስምምነት ተከራይተው ወር በወር የሚከፍሉበት ነው።

እዚህ ላይ የዲሲን ሕግ ልዩ የሚያደርገውን ነገር መረዳት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው የኪራይ ቤቶች ሕግ መሠረት፣ የውሉ ጊዜ ስላለቀ ብቻ አከራዩ ተከራዩን ማስወጣት አይችልም። ኪራዩን እየከፈለ የሚኖር ተከራይ በቀድሞው ውል ግዴታዎችና መብቶች ከወር ወደ ወር ይቀጥላል፤ አከራዩ ሊያስወጣው የሚችለውም ሕጉ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች አንዱን ይዞ፣ ተገቢውን ማስታወቂያ ሰጥቶና ፍርድ ቤት ሄዶ ነው። ይህ ለተከራይ ትልቅ ከለላ ነው። ነገር ግን ውሉ በራሱ ጊዜ ስለማይሞት፣ ተከራዩ «ዓመቱ ስላለቀ ነገሩም አለቀ» ብሎ ዝም ብሎ ከወጣ፣ አከራዩ ኪራዩ ቀጥሏል ብሎ ለመጠየቅ መንገድ ያገኛል። ስለዚህ የዓመቱ ውል በሚያበቃበት ቀን ለመውጣት ያሰበ ሰውም ደብዳቤ ይጻፍ፤ ውሉ ባያስገድደውም እንኳ።

ሁለተኛ፦ የመልቀቂያውን ቀን በትክክል ያስሉ

ከጠቅላላው ሥራ ውስጥ ስሕተት የሚበዛበት ይህ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ወስደው ያስሉት።

በዲሲ ከወር ወደ ወር የሚኖር ተከራይ ቢያንስ የ30 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ መስጠት አለበት። ብዙ ሰው እስከዚህ ድረስ ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሁለተኛውን ሁኔታ ነው፤ የማስታወቂያው ጊዜ የሚያልቀው ኪራዩ በጀመረበት የወሩ ቀን ላይ መሆን አለበት። ኪራይዎ በየወሩ 1 ቀን የሚጀምር ከሆነ፣ ማስታወቂያዎም የሚያልቀው በወሩ 1 ቀን ላይ ነው፤ በሌላ አነጋገር የመጨረሻው የመኖሪያ ቀንዎ የቀደመው ወር የመጨረሻ ቀን ይሆናል።

በምሳሌ እንየው። ኪራይዎ በየወሩ 1 ቀን የሚጀምርና 1,800 ዶላር የሚከፍሉበት ቤት ነው እንበል። ደብዳቤውን ጁን 10 ቀን ለአከራዩ ሰጡ። 30 ቀን ቢቆጠር ጁላይ 10 ላይ ይደርሳል፤ ጁላይ 10 ግን የኪራይ ወር የሚጀምርበት ቀን ስላልሆነ ማስታወቂያው ሥራ ላይ የሚውለው ኦገስት 1 ላይ ነው። የጁላይን ሙሉ ኪራይ ይከፍላሉ ማለት ነው። ደብዳቤው ሜይ መጨረሻ ላይ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ግዴታዎ በጁን 30 ያበቃ ነበር። የአሥር ቀን መዘግየት 1,800 ዶላር አስወጣ።

ፌብሩዋሪ ለብቻው መጠንቀቅን ይጠይቃል። ወሩ ብዙውን ጊዜ 28 ቀን ብቻ ስላለው፣ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ለመውጣት ያሰበ ሰው ደብዳቤውን ፌብሩዋሪ 1 ላይ ቢሰጥ እስከ ማርች 1 ያለው 28 ቀን ብቻ ነው፤ በቂ አይደለም። ቢዘገይ እስከ ጃንዋሪ 30 መድረስ ነበረበት። የእኔ ምክር በየትኛውም ወር ቢሆን ከ30 ቀኑ ላይ አንድ ሳምንት ወይም አሥር ቀን መጨመር ነው፤ ፖስታ ይዘገያል፣ ቢሮ ይዘጋል፣ የበዓል ቀን ይገባል፤ አስቀድሞ የደረሰ ደብዳቤ ግን የሚጎዳው ሰው የለም።

በወሩ አጋማሽ የገባ ሰው ውሉን ደግሞ ይመልከት። አንዳንድ ውል የመጀመሪያውን ግማሽ ወር ለብቻው ካስከፈለ በኋላ የኪራዩን ወር ከ1 ቀን ያስጀምረዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከ15 እስከ 15 ይቆጥራል። የመልቀቂያው ቀን የሚገጥመው ውሉ ከሚከተለው የኪራይ ወር ጋር ነው። በወሩ መካከል መውጣት ቢያስፈልግዎና አከራዩ የግማሽ ወር ብቻ ለመቀበል ከተስማማ፣ ስምምነቱን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ በቃል «ችግር የለም» መባሉ በኋላ አያድንም።

የተወሰነ ጊዜ ውል ያለዎት ከሆነ፣ ቀኑን የሚወስነው በመጀመሪያ ደረጃ የውሉ አንቀጽ ነው። ትልልቅ አፓርታማዎች የ60 ቀን ማስታወቂያ የሚጠይቅ ውል ማስፈረማቸው የተለመደ ነው። በዲሲ ውልዎ ከ30 ቀን በላይ የሚጠይቅ ከሆነ፣ አንቀጹ በሕግ የሚጸና መሆኑን ተከራዮችን በነፃ የሚያማክረውን የዲሲ የተከራዮች ጠበቃ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ እስከዚያው ግን ጊዜው ካለዎት ረጅሙን ጊዜ አክብረው መጻፉ ይሻላል። በቨርጂኒያ ከወር ወደ ወር የሚኖር ተከራይ ከሚቀጥለው የኪራይ መክፈያ ቀን ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ ማሳወቅ አለበት። በሜሪላንድ ደግሞ ውሉ የሚለውን መከተል ዋናው ነው።

አንድ ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። አዲሱን ቤት በእጅዎ ሳያስገቡ የአሮጌውን መልቀቂያ አይላኩ። የተሰጠ ማስታወቂያ በአንድ ወገን ፈቃድ በቀላሉ አይመለስም፤ አከራዩ ቤቱን ለሌላ ሰው ለማከራየት ከተስማማ በኋላ «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» ማለት ከባድ ጭቅጭቅ ውስጥ ይከታል። የመንግሥት የቤት ኪራይ ድጎማ ቫውቸር ያለው ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት ቫውቸሩን የሚያስተዳድረውን የቤቶች ባለሥልጣን ማነጋገር አለበት፤ ሳያሳውቁ መልቀቅ ቫውቸሩን ራሱን ሊያሳጣ ይችላል።

ሦስተኛ፦ ደብዳቤውን ይጻፉ

ጥሩ የመልቀቂያ ደብዳቤ አጭር ነው። ስለ ቧንቧው ብልሽት፣ ስለ ጎረቤቱ ጩኸት ወይም ስለ ኪራዩ መወደድ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ መጻፍ አያስፈልግም፤ ቅሬታ ካለዎት ለብቻው ይጻፉት። ከወር ወደ ወር የሚኖር ተከራይ የሚለቅበትን ምክንያት የመግለጽ ግዴታም የለበትም። ደብዳቤው ማን፣ የትኛውን ቤት፣ መቼ እንደሚለቅ ያለ ጥርጥር ከተናገረ ሥራውን ጨርሷል።

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ይጻፍ፤ አከራዩም ሆነ ምናልባት በኋላ የሚያየው ዳኛ የሚያነበው በዚያ ቋንቋ ነው። ይዘቱ የሚከተለውን ይመስላል።

«ቀን፦ ሜይ 22 ቀን 2026። ለ፦ (በውሉ ላይ የተጻፈው የአከራዩ ወይም የአስተዳዳሪው ድርጅት ሙሉ ስምና አድራሻ)። ከ፦ (በውሉ ላይ የተጻፉት የሁሉም ተከራዮች ሙሉ ስም፣ የሕንጻው አድራሻና የአፓርታማው ቁጥር)። ጉዳዩ፦ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ስለ ማቋረጥ። ከላይ በተጠቀሰው አድራሻ የምኖርበትን ቤት ኪራይ ለማቋረጥ መወሰኔን በዚህ ደብዳቤ አሳውቃለሁ። ኪራዩ በጁን 30 ቀን 2026 መጨረሻ ላይ ያበቃል፤ በዚሁ ቀን ቤቱን ለቅቄ ቁልፎቹን አስረክባለሁ። የጁን ወር ኪራይ በጊዜው ይከፈላል። ቤቱን አብረን እንድናየው አመቺ ቀንና ሰዓት እንዲያሳውቁኝ እጠይቃለሁ። ያስያዝኩት ዲፖዚት ከነወለዱ በሚከተለው አዲስ አድራሻ እንዲላክልኝ እጠይቃለሁ፦ (አዲሱ አድራሻ)። ስልክና ኢሜይል፦ (ይጻፉ)። ስምና ፊርማ።»

በዚህ ናሙና ውስጥ ያሉት ጥቂት ቃላት በዘፈቀደ የገቡ አይደሉም። «ለማቋረጥ መወሰኔን አሳውቃለሁ» የሚለው አገላለጽ ውሳኔን ይናገራል፤ «ለመልቀቅ እያሰብኩ ነው» ወይም «ምናልባት በጁን እወጣ ይሆናል» የሚል ጽሑፍ ግን ማስታወቂያ አይባልም፤ አከራዩም እንደ ማስታወቂያ የመቀበል ግዴታ የለበትም። አዲሱ አድራሻ የተጻፈው ዲፖዚቱ ወደዚያ እንዲላክ ነው። አዲስ አድራሻ ገና ከሌለዎት የሚታመን ዘመድ አድራሻ ወይም የፖስታ ሣጥን ቁጥር ያስገቡ።

ቀን ሲጽፉ የወሩን ስም በፊደል ይጻፉ እንጂ በቁጥር ብቻ አይወሰኑ። አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ፤ እኛ ቀኑን እናስቀድማለን። 06/07 ተብሎ የተጻፈ ቀን ለአከራዩ ጁን 7 ነው፤ እርስዎ ግን ጁላይ 6 ለማለት ጽፈውት ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀን የሚያስብ ሰውም ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲመልስ በካላንደር ያረጋግጥ፤ ለምሳሌ ጁላይ 31 የሚውለው ሐምሌ 24 ላይ ነው።

ስምን በተመለከተም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ወረቀት ከሌላው ይለያያል፤ የአባት ስም በአንዱ ላይ የቤተሰብ ስም ሆኖ ይቀመጣል፣ በሌላው ላይ የአያት ስም ይጨመራል። በደብዳቤው ላይ የሚጻፈው በሊዙ ላይ ያለው አጻጻፍ ነው፤ ፊደሉ የተሳሳተ ቢሆን እንኳ ያንኑ ይጠቀሙ፤ ትክክለኛውን አጻጻፍ ከጎኑ መጨመር ይቻላል።

ደባል ያለው ተከራይ ከማንም በላይ ይህንን ክፍል ያስተውል። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች በአንድ ሊዝ ላይ ከፈረሙ፣ እንዲህ ያሉ ውሎች ብዙውን ጊዜ እያንዳንዱን ፈራሚ ለሙሉው ኪራይ ተጠያቂ ያደርጋሉ። አንዱ ለብቻው ጽፎ ቢወጣ፣ የቀሩት ባይከፍሉ አከራዩ የወጣውንም ሊጠይቅ ይችላል። ሁሉም የሚለቁ ከሆነ ሁሉም ይፈርሙ። አንዱ ብቻ የሚለቅ ከሆነ ደግሞ ደብዳቤው አይበቃም፤ አከራዩ ስሙን ከውሉ ያወጣበትን፣ የዲፖዚቱም ድርሻ ለማን እንደሚሆን የሚገልጽ የተፈረመ ሰነድ ያስፈልገዋል። በጓደኝነት አብረው የገቡ ሰዎች የተቀያየሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ሰነድ ሳይዘጋጅ መቅረቱ ነው።

አራተኛ፦ ደብዳቤውን ሲያደርሱ ማስረጃ ይያዙ

በመጀመሪያ ውሉ ማስታወቂያ እንዴት እንደሚላክ የሚለውን ይፈጽሙ። በፖስታ ይላክ ካለ በፖስታ፣ በተከራዮች የኢንተርኔት ገጽ ይሞላ ካለ እዚያ ይሙሉ። ውሉ ኢሜይልን እንደ በቂ መንገድ ካልቆጠረ፣ ኢሜይል ለብቻው አያስተማምንም፤ የስልክ መልእክትማ ይባስ። ከዚህ በኋላ ሁለተኛ መንገድ ይጨምሩበት፤ አንዱ ቢከሽፍ ሌላው እንዲተርፍ።

በእጅ ማድረስ ቀላሉና ፈጣኑ መንገድ ነው። ሁለት ቅጂ ይዘው ወደ ሕንጻው ቢሮ ይሂዱ፤ አንዱን ይስጡ፣ በሌላው ላይ ተቀባዩ ስሙን፣ ፊርማውንና ቀኑን እንዲጽፍበት ይጠይቁ። መፈረም እምቢ ካሉ አይከራከሩ፤ ያንኑ ቀን በፖስታ ቤት በኩል ይላኩት። ለዚህ የሚያገለግለው ተቀባዩ ፈርሞ የሚረከብበት ሰርቲፋይድ ሜይል ሲሆን፣ የተፈረመበት ካርድ ተመልሶ እንዲመጣልዎ መክፈል ይቻላል። ሆኖም ሰርቲፋይድ ሜይልን ተቀባዩ ሳይረከበው ሊመለስ ስለሚችል፣ በዚያው ቀን ሁለተኛ ቅጂ በመደበኛ ፖስታ ይላኩና ፖስታ ቤቱ የተላከበትን ቀን የሚያሳይ ማረጋገጫ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው። የተፈረመውን ደብዳቤ፣ ፖስታውን ከነአድራሻውና ደረሰኙን ፎቶ አንስተው በኢሜይል ለራስዎ ይላኩ፤ ስልክ ቢጠፋ ማስረጃው እንዳይጠፋ።

አከራዩ የምናውቀው ሰው ሲሆን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ከአንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ምድር ቤት የተከራየ ሰው፣ ለጋሼ ወይም ለእትዬ ደብዳቤ መስጠት የክስ መጀመሪያ ይመስለውና ይሉኝታ ይይዘዋል። ይህንን ስሜት እረዳለሁ፤ ነገር ግን ሕጉ አከራዩ ወገን ነው ብሎ የጽሑፍ ማስታወቂያን አያስቀርም። መንገዱ በቅድሚያ ቡና ላይ ወይም በስልክ በአክብሮት መናገር፣ ቀጥሎም «ጋሼ፣ ለሁለታችንም መዝገብ እንዲሆን በጽሑፍ አድርጌዋለሁ» ብሎ ወረቀቱን ማስረከብ ነው። እንዲህ የተለያዩ ሰዎች ዲፖዚት ሲመለስ አይነታረኩም፤ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ሲገናኙም ሰላምታ አይነፋፈጉም።

ከጊዜው በፊት መውጣት ሲያስፈልግ

የዓመቱ ውል ሳያልቅ ሥራ ወደ ሌላ ከተማ ቢዛወር፣ ወይም ቤተሰብ ከኢትዮጵያ መጥቶ ቤቱ ቢጠብ፣ የ30 ቀን ደብዳቤ ብቻውን ከቀሪዎቹ ወራት ኪራይ ነፃ አያወጣም። ይህ መታወቅ አለበት። ያሉት መንገዶች ግን ጥቂት አይደሉም። ብዙ ውሎች የተወሰነ ክፍያ ከፍሎ የመውጣት አንቀጽ አላቸው፤ ክፍያውን ከቀሪው ኪራይ ጋር አወዳድረው ይወስኑ። አከራዩ ከፈቀደ ምትክ ተከራይ ማምጣትም ይቻላል። በዲሲም ሆነ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ ተከራዩ ቀድሞ ቢወጣ አከራዩ ቤቱን ባዶ አስቀምጦ ሙሉውን ኪራይ መጠየቅ አይፈቀድለትም፤ በቅን ልቦና እንደገና ለማከራየት መሞከር አለበት፤ ቤቱ ከተከራየ በኋላ ያለውን ጊዜ ከእርስዎ አያስከፍልም። ስለዚህ ቶሎ መጻፍ፣ ቤቱን ለአዳዲስ ፈላጊዎች ለማሳየት መተባበርና ይህንንም በጽሑፍ መግለጽ ዕዳውን ይቀንሳል።

ሕጉ ለሁለት ወገኖች ሰፋ ያለ በር ከፍቷል። የቤት ውስጥ ጥቃት የደረሰበት ወይም የደረሰባት ተከራይ፣ በዲሲ ሕግ የጥበቃ ትእዛዝ ወይም ሕጉ የሚቀበለውን ሌላ ሰነድ አያይዞ በጽሑፍ ሲጠይቅ ከውሉ ግዴታ በአጭር ጊዜ ይለቀቃል፤ ይህንን ከማድረግ በፊት በጉዳዩ ላይ የሚሠሩ ነፃ የሕግ ድጋፍ ሰጪዎችን ማነጋገር ለደኅንነትም ለሰነዱም ይጠቅማል። የአሜሪካ ጦር አባል የሆነና ቋሚ የቦታ ዝውውር ወይም ቢያንስ የ90 ቀን ግዳጅ የታዘዘ ሰው ደግሞ በፌዴራል ሕግ የትእዛዙን ቅጂ አያይዞ ሊዙን ማቋረጥ ይችላል፤ የወር ኪራይ ከሆነ ግዴታው የሚያበቃው ማስታወቂያው ከተሰጠ በኋላ ከሚመጣው የመጀመሪያ የመክፈያ ቀን በ30ኛው ቀን ነው።

ቤቱ ለኑሮ የማይመች ስለሆነ ልውጣ የሚል ሰው ግን በስሜት አይውጣ። የማሞቂያ መጥፋት፣ የአይጥ ወይም የሻጋታ ችግር በፍርድ ቤት ክብደት የሚኖረው በጽሑፍ የተነገረ፣ ፎቶ ያለውና በተለይም በከተማው የቤት ተቆጣጣሪ የተመዘገበ ሲሆን ነው። ቅደም ተከተሉ አከራዩን በጽሑፍ መጠየቅ፣ ካላስተካከለ ተቆጣጣሪ መጥራት፣ ከዚያም የሕግ ምክር መጠየቅ ነው።

አምስተኛ፦ ከደብዳቤው በኋላ እስከ ቁልፍ ማስረከብ

ደብዳቤው በደረሰ በአንድ ሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ፣ መድረሱን እንዲያረጋግጡልዎ በኢሜይል ይጠይቁ። መልስ ባይሰጡም ማስታወቂያው በትክክል ከተሰጠ የአከራዩ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ የእርስዎ ጥያቄ ለመዝገብ ነው።

የመጨረሻውን ወር ኪራይ ይክፈሉ። «ዲፖዚቱ ለመጨረሻው ወር ይታሰብልኝ» ማለት በእኛ ዘንድ በጣም የተለመደ ነው፤ አከራዩ በጽሑፍ ካልተስማማ ግን ኪራይ አለመክፈል ነው፤ ፍርድ ቤት ሊያስከስስም ይችላል። ዲፖዚት የተያዘው ለጉዳትና ላልተከፈለ ዕዳ ዋስትና እንዲሆን ነው።

ቤቱን ሲያጸዱ ከገቡበት ቀን ፎቶ ጋር ማወዳደር ከቻሉ መልካም ነው። በመኖር ብቻ የሚመጣ መጎሳቆል፣ ለምሳሌ የደበዘዘ ቀለም ወይም በመመላለስ ያረጀ ምንጣፍ፣ ከዲፖዚት አይቆረጥም፤ የተሰበረ በር ወይም በከሰል የተቃጠለ ወለል ግን ይቆረጣል። ዕጣንና ቡና የሚጨስበት ቤት ግድግዳው ላይ ጥላሸት ሊይዝ ስለሚችል ከምርመራው በፊት በሳሙና ውኃ መጥረግ ተገቢ ነው። ዕቃው ከወጣ በኋላ እያንዳንዱን ክፍል፣ የምድጃውንና የማቀዝቀዣውን ውስጥ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ወለል በቪዲዮ ይቅረጹ።

የጋራ ምርመራን በተመለከተ ሦስቱ አካባቢዎች ይለያያሉ። በዲሲ አከራዩ መመርመር ከፈለገ ኪራዩ ከሚያበቃበት ቀን በፊት ወይም በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ ማድረግ፣ ቀኑንና ሰዓቱንም ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። በቨርጂኒያ ምርመራው ቤቱ ለአከራዩ ከተመለሰ በ72 ሰዓት ውስጥ ይደረጋል። ሜሪላንድ ውስጥ ግን መብቱን የሚያስከብረው ተከራዩ ራሱ ነው፤ በምርመራው ላይ ለመገኘት የሚፈልግ ሰው ከመልቀቁ ቢያንስ 15 ቀን በፊት የሚለቅበትን ቀንና አዲሱን አድራሻ ጠቅሶ በሰርቲፋይድ ሜይል ማሳወቅ አለበት። ሜሪላንድ የሚኖሩ አንባቢዎች የመልቀቂያውን ደብዳቤ በሰርቲፋይድ ሜይል ልከው ይህንኑ ጥያቄ በውስጡ ቢያካትቱ በአንድ ወረቀት ሁለቱንም ይጨርሳሉ።

ቁልፍ የሚመለሰው ለተፈቀደለት ሰው በእጅ ነው፤ የበር ቁልፍ፣ የፖስታ ሣጥን ቁልፍ፣ የመኪና ማቆሚያና የመግቢያ ካርድ ተቆጥረው መረከባቸውን የሚገልጽ ደረሰኝ ይቀበሉ። ቁልፍ ካልተመለሰ አከራዩ ቤቱ ገና አልተለቀቀም ለማለት ይችላል። የመብራትና የጋዝ ሂሳብዎ በስምዎ ከሆነ ከመልቀቂያው ቀን ጀምሮ እንዲቋረጥ አስቀድመው ይደውሉ።

ስድስተኛ፦ ዲፖዚቱን ይከታተሉ

በዲሲ አከራይ ከአንድ ወር ኪራይ የበለጠ ዲፖዚት መያዝ አይችልም። ኪራዩ ካበቃ በኋላ በ45 ቀን ውስጥ ወይ ገንዘቡን ከሚገባው ወለድ ጋር ይመልሳል፣ ወይም ሊያስቀረው ማሰቡን በጽሑፍ ያሳውቃል። ካሳወቀም በቀጣዮቹ 30 ቀናት ውስጥ ምን እንደተጠገነና ስንት እንደወጣ የሚዘረዝር መግለጫ ሰጥቶ የተረፈውን መመለስ አለበት። በሜሪላንድና በቨርጂኒያም ጊዜው 45 ቀን ነው፤ የዲፖዚቱ ጣሪያ በቨርጂኒያ ሁለት ወር ሲሆን፣ በሜሪላንድ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ለሚደረጉ ውሎች በመደበኛነት አንድ ወር ነው።

45ኛው ቀን ካለፈና ምንም ካልመጣ፣ የመልቀቂያ ደብዳቤውን፣ የቁልፍ ደረሰኙንና ፎቶዎቹን ቅጂ አያይዘው በአጭሩ የመጠየቂያ ደብዳቤ ይጻፉ፤ መልስ የሚጠብቁበትን ቀን ይወስኑ። በዲሲ አከራዩ ገንዘቡን በክፉ ልቦና ማስቀረቱ ከተረጋገጠ ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት እጥፍ ሊያስከፍለው ይችላል፤ ይህንን በደብዳቤው ላይ በጨዋነት ማስታወስ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያፋጥናል። ካልሆነ እስከ 10,000 ዶላር የሚደርስ ክርክር ያለ ጠበቃ የሚቀርብበት የዲሲ የአነስተኛ ክሶች ፍርድ ቤት አለ። የዲሲ የተከራዮች ጠበቃ ጽሕፈት ቤት ተከራዮችን በነፃ ያማክራል፤ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግም የከተማው መሥሪያ ቤቶች ለአማርኛ ተናጋሪዎች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ ስለዚህ ሲደውሉ «አማርኛ» ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ። በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሚኖሩ የካውንቲውን የአከራይና ተከራይ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ።

ሊዙን፣ የመልቀቂያ ደብዳቤውን፣ የፖስታ ደረሰኞቹን፣ የኪራይ ክፍያ ማስረጃዎቹንና ቪዲዮውን በአንድ ፋይል ሰብስበው በዲሲና በሜሪላንድ ቢያንስ ለሦስት ዓመት፣ በቨርጂኒያ ደግሞ ለአምስት ዓመት ያቆዩ፤ በውል ላይ የተመሠረተ ክስ የሚቀርብበት ጊዜ በመደበኛነት እስከዚያ ድረስ ነው።